የአውቶሞቢል መክፈቻ ታሪክ፤ ምሥጢሩ የማን ነው?

መግቢያ

በቋንቋችን «ቁልፍ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይይዛል። የሸሚዝ ደረት የሚያያዝበት ቁልፍ ይባላል፤ የበር መዝጊያም ቁልፍ ይባላል፤ በጣት ተጭነው መሣሪያን የሚያዙበትም እንዲሁ ቁልፍ ይባላል። ዘጊውን ከከፋቹ ለመለየት የፈለገ ሰው የሚከፍተውን «መክፈቻ» ይለዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህን ልዩነት ጠብቀን፥ የሚዘጋውን ቁልፍ፥ የሚከፍተውን መክፈቻ እያልን እንሄዳለን። የዛሬው የቅንጦት አውቶሞቢል ግን ይህን የቈየ ልዩነት ሊያፈርሰው ተቃርቧል፤ መክፈቻው ጥርስ የሌለው፥ ከኪስ የማይወጣ ትንሽ ዕቃ ሆኗል፤ ሞተሩም የሚነሣው ቁልፍ በመጫን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መክፈቻው ከብረት ወደ ቁጥር እንዴት እንደ ተለወጠ በታሪክ መንገድ መመርመር ነው። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ይኸውም የአውቶሞቢሉ መክፈቻ የጠፋበት ሰው ምትኩን ማን ሊያወጣለት ይችላል? የሚል ነው። ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን መልሱ በመቶ ዓመት ውስጥ ከሥር ተለውጧል። ቀድሞ መልሱ «ሞረድ ያለው ባለሙያ ሁሉ» የሚል ነበር። ዛሬ ግን «ምሥጢሩን የያዘው ፋብሪካ የፈቀደለት ሰው» ወደሚል ደርሷል። በእኛ አስተያየት የአውቶሞቢል መክፈቻ ታሪክ፥ የመቅዳት ሥልጣን ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ወደ ሠሪው እጅ የተዛወረበት ታሪክ ነው። ይህም ዝውውር በከፊል ከባድ ምክንያት የነበረው፥ በከፊል ግን ያለ በቂ ምክንያት የተደረገ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. በብረት ዘመን የተነሣ ክርክር

ስለ አውቶሞቢል ከመናገራችን በፊት፥ አውቶሞቢል ገና ያልተፈጠረበትን ጊዜ ማንሣት ግድ ይሆንብናል፤ ዛሬ በኤሌክትሮኒክስ መክፈቻ ላይ የሚደረገው ክርክር ያን ጊዜ ተደርጓልና። በ1851 በለንደን ታላቁ ኤግዚቢሽን በተከፈተ ጊዜ፥ አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ ወደዚያ መጣ። በእንግሊዝ አገር በዚያን ዘመን አይደፈሩም የሚባሉ ሁለት ቁልፎች ነበሩ። አንደኛው የቸብ ቁልፍ ነው። ሁለተኛው የጆሴፍ ብራማ ቁልፍ ሲሆን፥ ያለ መክፈቻው ለሚከፍተው ሰው 200 ጊኒ እንደሚሰጥ ተጽፎበት 60 ዓመት ያህል በሱቁ መስኮት ሲታይ የኖረ ነው። ሆብስ የቸብን ቁልፍ በ25 ደቂቃ ከፈተው፤ በብራማ ቁልፍ ላይ ደግሞ በ16 ቀን ውስጥ 51 ሰዓት ደክሞ ከፈተው።

ከዚህ በኋላ የቁልፍን ድካም በአደባባይ መግለጽ ሌባን ማስተማር ነው የሚሉ ሰዎች ተነሡ። የሆብስ ወገን መልስ ግን፥ ሌባ ሙያውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ያላወቀው ቁልፉን አምኖ የሚተኛው ባለ ንብረት ነው የሚል ነበር።

ከ32 ዓመት በኋላ፥ በ1883፥ በፓሪስ የጀርመንኛ ቋንቋ መምህር የነበረው ኦገስት ኬርክሆፍስ ስለ ወታደራዊ የምሥጢር ጽሕፈት ሲጽፍ ተመሳሳዩን አሳብ ወደ ደንብ አደረሰው። ደንቡም፥ የምሥጢር ጽሕፈት አሠራሩ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት እንዳያመጣ ሆኖ መዘጋጀት አለበት፤ ተሰውሮ መቅረት ያለበት መክፈቻው ብቻ ነው የሚል ነው። አንባቢው የሆብስን ክርክርና የኬርክሆፍስን ደንብ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

በዚህ መካከል፥ በ1861፥ ታናሹ ሊነስ ዬል የተባለ አሜሪካዊ ትንንሽ ዘንጎች እየወጡና እየወረዱ የሚዘጉትን፥ በጠፍጣፋና ጥርሳም መክፈቻ የሚከፈተውን ቁልፍ በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ በየቤታችን በር ላይ የምናየው በአብዛኛው የእርሱ ዘር ነው። የዚህ መክፈቻ ጠባይ ለጥናታችን ጠቃሚ ነው፤ ምሥጢሩ በገላው ላይ ተቀርጾ በግልጥ ይታያልና። ስለዚህ ቁልፍ ቀራጭ ዋናውን ከመቅረጫ ማሽን ላይ አስሮ መንትያውን በጥቂት ደቂቃ ያወጣል። ፈቃድ የሚጠየቅ ሌላ ወገን የለም። መክፈቻውን በእጁ የያዘ ሰው፥ የመቅዳት ሥልጣንንም አብሮ ይዟል።

2. አውቶሞቢል መክፈቻ ያገኘበት ጊዜ

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ሞተር ማስነሻ መክፈቻ አልነበራቸውም። ሞተሩ የሚነሣው ከፊት በሚገባና በእጅ በሚዞር ብረት ስለ ነበረ፥ ማስነሣቱ ራሱ ጉልበትና ሙያ ይጠይቅ ነበር። በእኛ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ያመጣው አውቶሞቢል የዚሁ የእጅ ዘመን ሥራ ነው።

ነገሩ የተለወጠው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ፥ ማለት በጋራዥ ቋንቋችን ሞተሪኖ የምንለው፥ በ1912 ሞዴል ካዲላክ ላይ በተገጠመ ጊዜ ነው። ሞተር ያለ ጉልበት መነሣት ሲችል፥ ማንም እንዳያስነሣው የሚከለክል ነገር ይበልጥ አስፈለገ። በ1949 ክራይዝለር መክፈቻውን በማዞር ብቻ ሞተሩ የሚነሣበትን አሠራር አመጣ። በአሜሪካም ከጥር ወር 1970 ጀምሮ በጸና ደንብ፥ መክፈቻው ሲወጣ ሞተሩ እንዳይነሣ፥ ደግሞም መሪው እንዳይዞር ወይም መኪናው በራሱ ኃይል እንዳይሄድ ሆኖ እንዲሠራ ታዘዘ።

ይህ ሁሉ ግን ከብረት አልወጣም። ሌባው መሪውን የያዘውን ብረት ይሰብራል፤ ከሥሩ ያሉትን ሽቦዎች ያገናኛል፤ ሞተሩም ማን እንዳስነሣው ሳይጠይቅ ይነሣል። ባጭሩ ሞተሩ ጌታውን አያውቅም ነበር። የሚቀጥለው ምዕራፍ ሞተሩን ጌታውን ለማሳወቅ የተደረገው ጥረት ነው።

3. መክፈቻው ቁጥር ሆነ

የመጀመሪያው እርምጃ ትንሽ ነበረ። ጀነራል ሞተርስ በ1986 ሞዴል ኮርቬት መክፈቻ ገላ ላይ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚቋቋም ትንሽ ፍሬ ተከለ። መክፈቻው ሲገባ አውቶሞቢሉ የፍሬውን መጠን ይለካል፤ መጠኑ ከተመዘገበለት ጋር ካልተስማማ ሞተሪኖውም ነዳጁም ለጥቂት ደቂቃ ይዘጋሉ። ሆኖም የፍሬው መጠን 15 ዐይነት ብቻ ነበረ። ስለዚህ ቁልፍ ቀራጩ መለኪያ ገዝቶ መጠኑን ከለካ በኋላ እኩያውን መክፈቻ ከመደርደሪያው አንሥቶ ይቀርጽ ነበር። ሥልጣኑ ገና ከሰፈር አልወጣም።

ሁለተኛው እርምጃ የመጣው ከአውሮፓ ነው። በ1989 የበርሊን ግንብ ከፈረሰና ድንበሮች ከተከፈቱ በኋላ፥ በጀርመን አገር የአውቶሞቢል ስርቆት በጣም በረታ። ካሣ መክፈል የከበዳቸው የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ፋብሪካዎች በኤሌክትሮኒክስ ሞተር የሚያግድ መሣሪያ፥ ማለት ኢሞቢላይዘር፥ እንዲገጥሙ አጥብቀው ጠየቁ። የአውሮፓ ኅብረትም በ1995 መመሪያ አውጥቶ፥ ከጥቅምት ወር 1998 ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ የቤት አውቶሞቢል ሁሉ ይህ መሣሪያ እንዲኖረው ግዴታ አደረገ። አውስትራሊያ በ2001፥ ካናዳም በ2007 ይህንኑ መንገድ ተከተሉ።

የመሣሪያው አሠራር እንደሚከተለው ነው። በመክፈቻው ጭንቅላት ውስጥ ትራንስፖንደር የሚባል፥ ከስንዴ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጥ ቺፕ ይቀመጣል። ባትሪ የለውም፤ በመክፈቻ ማስገቢያው ዙሪያ ከተጠመጠመው ሽቦ በሚወጣ ደካማ ሞገድ ኃይል ያገኛል። አውቶሞቢሉ አንድ ድንገተኛ ቁጥር ይልክለታል፤ ቺፑም ቁጥሩን በውስጡ ካለው ሥውር ቁጥር ጋር አስልቶ መልስ ይሰጣል። አውቶሞቢሉ ራሱ ያንኑ ስሌት ሠርቶ መልሱ ከተስማማ ሞተሩ ይነሣል፤ ካልተስማማ አይነሣም። ሥውሩ ቁጥር ራሱ በአየር ላይ አይወጣም፤ ጥያቄውም በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የትናንቱን መልስ ሰርቆ ለዛሬ መጠቀም አይቻልም። በዘበኛና በአሳላፊ መካከል ያለ የይለፍ ቃል ነው ብንለው እንግባባለን፤ ልዩነቱ የይለፍ ቃሉ ለእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ መሆኑ ነው።

ለዚህ ለውጥ ዋጋው ምን ነበር? ጥቅሙን አስቀድመን እንናገር። ያን ቫን ኡርስና ቤን ቮላርድ የተባሉ የኤኮኖሚክስ ሊቃውንት በሆላንድ አገር ከ1995 እስከ 2008 ያለውን ጊዜ መርምረው በ2016 ባሳተሙት ጥናት፥ ኢሞቢላይዘር የአውቶሞቢልን ስርቆት በአማካይ 40 በመቶ ያህል እንደ ቀነሰ አሳይተዋል። ተቃራኒውን ምስክር የምናገኘው ከአሜሪካ ነው፤ በዚያ አገር ኢሞቢላይዘር በሕግ አልታዘዘም። በ2015 ሞዴል አውቶሞቢሎች መካከል የሌሎች ፋብሪካዎች ዐይነቶች 96 በመቶ ኢሞቢላይዘር ሲኖራቸው፥ የሀዩንዳይና የኪያ ግን 26 በመቶ ብቻ ነበር። ከ2021 ወዲህ ወጣቶች እነዚህን መኪናዎች በቀላሉ ማስነሣት እንደሚቻል በቪዲዮ እያሳዩ አሰራጩ፤ ስርቆቱም በየከተማው ተስፋፋ፤ ኩባንያዎቹ በ2023 የሶፍትዌር ማሻሻያ በነፃ ለመስጠት ተገደዱ። እንግዲህ ምሥጢሩን ከብረት ወደ ቁጥር ማዛወር ከንቱ ድካም አልነበረም። ይህን ሳይቀበሉ ፋብሪካዎችን መውቀስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

4. ከኪስ የማይወጣው መክፈቻ

ከዚህ በኋላ የመጣው የምቾት እንጂ የጥበቃ ፍላጎት አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ መርሴዲስ ቤንዝ በትልቁ ኤስ ክላስ ላይ መክፈቻውን ከኪስ ሳያወጡ በሩን ከፍቶ ሞተሩን ማስነሣት የሚቻልበትን አሠራር አቀረበ። መጀመሪያ የባለጠጎች ምልክት የነበረው ይህ መክፈቻ፥ ኋላ ስማርት ኪ እየተባለ ወደ ሌሎቹም ወረደ።

ባለቤቱ የበሩን እጀታ ሲነካ በአውቶሞቢሉ አካል ውስጥ ያሉ አንቴናዎች ጥቂት ሜትር ብቻ የሚደርስ ዝቅተኛ ሞገድ ይልካሉ። መክፈቻው ነቅቶ በከፍተኛ ሞገድ፥ በአውሮፓ አብዛኛውን ጊዜ በ433 ሜጋ ኸርዝ፥ ይመልሳል። ጥያቄና መልሱ ከላይ እንደ ገለጽነው ነው። የመክፈቻው ባትሪ ቢሞት እንኳ ባለቤቱ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ሁለት ነገር ታስቦለታል፤ በውስጡ በሩን የምትከፍት ቀጭን ብረት ትደበቃለች፤ ሞተሩን ለማስነሣትም መክፈቻውን ከተወሰነ ሥፍራ ማስጠጋት ይበቃል፤ ቺፑ እንደ ድሮው ያለ ባትሪ መልስ ይሰጣልና።

5. ምትክ እንዴት ይወጣል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን ደርሰናል። የዘመኑ መክፈቻ ሲጠፋ ብረቷን መቅረጽ ከሥራው ትንሹ ነው። ዋናው ሥራ አዲሱን መክፈቻ አውቶሞቢሉ በሚያምናቸው መክፈቻዎች መዝገብ ውስጥ ማስገባት ነው። ባለሙያው መመርመሪያ መሣሪያውን ከመሪው በታች ባለው መሰኪያ ላይ ይሰካል፤ ለአውቶሞቢሉ ፈቃደኛነቱን የሚያሳይ ሥውር ቁጥር ይሰጣል፤ አዲሱንም ያስመዘግባል፤ የጠፋውንም ከመዝገቡ ይሰርዛል። ይህ የመጨረሻው ሥራ የሚዘነጋ ቢሆንም ታላቅ ነው፤ ካልተሰረዘ የጠፋውን ያገኘ ሰው ሁሉ የአውቶሞቢሉ ጌታ ነውና።

አንድ የሚሠራ መክፈቻ በእጅ ካለ ነገሩ ይቀልላል። ሁሉም ከጠፉ ግን ሥውሩ ቁጥር ከፋብሪካው መምጣት አለበት፤ አለዚያ ባለሙያው የኢሞቢላይዘሩን ሳጥን አውጥቶ፥ የማስታወሻውን ቺፕ አንብቦ፥ አዲስ መክፈቻ በእጁ መጻፍ ይኖርበታል። በትንሽ ስሕተት መኪናው ጨርሶ ሊዘጋ ስለሚችል፥ ይህ የሁሉም ሙያ አይደለም።

ታዲያ ሥውሩ ቁጥር የግድ በፋብሪካው እጅ መሆን ነበረበትን? ታሪክ የሚመሰክረው ሌላ መንገድም እንደ ነበረ ነው። ሦስት ዐይነት ሥርዓት ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

የመጀመሪያው የፊያት ሥርዓት ነው። በ1990ዎቹ የፊያት አውቶሞቢል የገዛ ሰው ከተራዎቹ መክፈቻዎች ጋር አንድ ጭንቅላቱ ቀይ የሆነ ዋና መክፈቻና ሥውር ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ይሰጠው ነበር። ቀዩ ለመንዳት ሳይሆን ሌሎችን ለማስመዝገብ የተሠራ ስለ ሆነ በቤት ይቀመጣል። ሥልጣኑ ሙሉ በሙሉ የባለቤቱ ነበር፤ ጉዳቱም እንዲሁ፤ ቀዩን የጣለ ሰው የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኑን ራሱን እስከ መለወጥ ይደርስ ነበርና።

ሁለተኛው የፎርድ ሥርዓት ነው። ፎርድ በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በገጠመው ኢሞቢላይዘር፥ በብዙ መኪናዎቹ ላይ ሁለት የተመዘገቡ መክፈቻዎች ያሉት ባለቤት ሁለቱን ተራ በተራ አስገብቶ፥ ሦስተኛውን ያለ ማንም ርዳታ ማስመዝገብ ይችል ነበር። አንድ ብቻ የቀረው ግን አይችልም። በዚህ ሥርዓት ሥልጣኑ ለጥንቁቅ ባለቤት የተሰጠ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለተኛው ሳይጠፋ መለዋወጫ ያሠራ ሰው ይጠቀማል።

ሦስተኛው የጀርመን የቅንጦት አውቶሞቢሎች ሥርዓት ነው። ቢ.ኤም.ደብልዩ ከ1995 ጀምሮ በገጠመው ሥርዓት ለእያንዳንዱ መኪና የ10 መክፈቻ ቦታ አስቀድሞ አዘጋጀ፤ ምትክ የፈለገ ሰው የሻሲ ቁጥሩንና የባለቤትነት ማስረጃውን አቅርቦ፥ ለዚያች መኪና ብቻ የተሰናዳውን መክፈቻ ከኩባንያው ያዝዛል። መርሴዲስ ቤንዝም እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ ሥርዓት ባለቤቱ ጠያቂ፥ ፋብሪካው ሰጪ ነው። መኪናው በውድ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የባለቤቱ ሥልጣን የቀነሰ መሆኑን ስናይ ነገሩ ያስገርማል።

6. ምሥጢሩ ሲገለጥ

ፋብሪካዎች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት ጥበቃ ነው። የማናውቀው ሰው ምሥጢሩን ካወቀ ሌባ ይገባል ይላሉ። ስለዚህ ምሥጢሩ በእጃቸው በቈየባቸው ዓመታት ምን ያህል እንደ ተጠበቀ መመርመር ያስፈልጋል።

በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአር.ኤስ.ኤ. ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች፥ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሠርቶ ፎርድ ይጠቀምበት የነበረውን ትራንስፖንደር መረመሩ። የሥውር ቁጥሩ ርዝመት 40 ቢት ነበረ፤ ይህም ከ1 ትሪሊዮን በላይ የሚሆን ልዩ ልዩ ቁጥር ማለት ነው። ከኮርቬቱ 15 ዐይነት ጋር ሲተያይ ባሕር ቢመስልም፥ ተመራማሪዎቹ ለዚሁ ባዘጋጁት የስሌት መሣሪያ አንዱን መክፈቻ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ፈቱት። በ2012 ሂታግ 2 የተባለው የ48 ቢት ሥርዓት በደቂቃዎች ውስጥ ተፈታ። የሁለቱም አሠራር ለሊቃውንት ምርመራ ያልቀረበ፥ በኩባንያ ጓዳ የተቈለፈ ነበር። የኬርክሆፍስ ደንብ በ1883 ተጽፎ ሳለ፥ ፋብሪካዎች ከመቶ ዓመት በኋላ አልሰሙትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን የሜጋሞስ ነገር ነው። ሜጋሞስ የተባለው ቺፕ በፎልክስዋገንና በዚያው ኩባንያ ሥር ባሉት በአውዲ፥ በፖርሽ፥ በቤንትሌና በላምቦርጊኒ አውቶሞቢሎች ውስጥ ይገኝ ነበር። የሆላንድና የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ድካሙን አግኝተው ሊያሳትሙ ሲዘጋጁ፥ ፎልክስዋገን ከሰሳቸው፤ የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2013 ጽሑፉ እንዳይወጣ አገደ። ከሁለት ዓመት ክርክር በኋላ፥ በነሐሴ ወር 2015፥ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ተቀንሶ ታተመ። በ1851 በሆብስ ላይ የተነሣው ክርክር በዚያው ከተማ፥ ከ162 ዓመት በኋላ፥ በዳኛ ፊት ተደገመ ማለት ነው። ልዩነቱ፥ በ1851 ሆብስን ማንም አላገደውም፤ ሽልማቱንም ተቀብሏል።

መሰወር ድካምን እንደማይፈውስ ሌላም ምስክር አለ። በ2018 የሌቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቴስላ ሞዴል ኤስን መክፈቻ በሴኮንዶች ውስጥ ሲቀዱ፥ በውስጡ ያገኙት በ2005 የተፈታውን ያንኑ የ40 ቢት ሥርዓት ነበር። 13 ዓመት ሙሉ በአደባባይ የታወቀ ድካም፥ በዘመኑ ውድ በሆነ አውቶሞቢል ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ።

ከዚህም ሌላ ስማርት ኪ የራሱን በሽታ ይዞ መጥቷል። በ2011 የዙሪክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ8 ፋብሪካዎችን 10 ሞዴሎች ፈትነው፥ በአውቶሞቢሉና በቤት በተቀመጠው መክፈቻ መካከል ያለውን ሞገድ በመሣሪያ በማስተላለፍ ብቻ ሁሉንም ለመክፈትና ለማስነሣት ቻሉ። እዚህ ላይ የተፈታ ምሥጢር የለም፤ መክፈቻው ከመኪናው አጠገብ ያለ መስሎት በእውነት መልስ ሰጠ እንጂ። መድኃኒቱ የሞገዱን የጉዞ ጊዜ መለካት ነው፤ ሞገድ በአንድ ቢሊዮንኛ ሴኮንድ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳልና፥ የዘገየ መልስ ከሩቅ መምጣቱ ይታወቃል። ይህ አሠራር ከ2018 ወዲህ በአንዳንድ የቅንጦት አውቶሞቢሎች መግባት ጀምሯል። እስከዚያው ግን ብዙ ሰው የመቶ ሺሕ ዶላር መኪናውን መክፈቻ ማታ ማታ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል።

7. ሕግ በመካከል ሲገባ

እንግዲህ ሁለት እውነቶች ፊት ለፊት ቆመዋል። ምሥጢሩ ለማንም ቢበተን ሌባ ይጠቀማል፤ ለፋብሪካው ብቻ ቢቀር ባለቤቱ ይታሰራል። የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በ2006 ባወጣው ሕግ መካከለኛ መንገድ ፈለገ። በሕጉ መሠረት ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ፋብሪካው፥ የተመዘገበው ባለቤት በተመዘገበ ቁልፍ ሠሪ አማካይነት ምትክ መክፈቻ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ማስረጃ፥ በቀን 24 ሰዓት፥ በሳምንት 7 ቀን እንዲያገኝ ማድረግ አለበት። ቁልፍ ሠሪው የጠያቂውን ማንነትና ባለቤትነት አረጋግጦ መዝገብ ይይዛል። በአሜሪካ ይህን ምዝገባ የሚያካሂድ፥ የፋብሪካዎችና የጥገና ባለሙያዎች የጋራ ድርጅት አለ። የአውሮፓ ኮሚሽንም በ2021 ባወጣው ደንብ፥ ነፃ ጋራዦች ተመርምረውና ታምነው ከተመዘገቡ የጥበቃ ማስረጃዎችን እንዲያገኙ መንገድ ከፍቷል።

የእነዚህ ሕጎች ትርጉም ከመኪና በላይ ነው። ምሥጢሩ የሠሪው የግል ሀብት ሳይሆን፥ ለባለቤቱ በአደራ የሚጠብቀው ነገር ነው ማለታቸው ነው። አደራ ተቀባይ ደግሞ ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ ማስረከብ እንጂ መደራደር አይገባውም።

8. ነገሩ ለእኛ

ይህ ሁሉ የፈረንጅ አገር ክርክር ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን የአገራችን አውቶሞቢል አብዛኛው በሌላ አገር ተነድቶ፥ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጋግሮ የሚገባ ሆኖ የቈየ ነው። በ2024 መግቢያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ በኋላም፥ ከገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩና በግል ነጋዴዎች እጅ የመጡ ናቸው። እንዲህ ያለውን መኪና የያዘ ሰው ሊብሬው በስሙ ይሁን እንጂ፥ መክፈቻው የጠፋበት ቀን ሥውር ቁጥሩን ከማን እንደሚጠይቅ አያውቅም። ጎረቤቱ ያለው ቁልፍ ቀራጭ ብረቷን በጥሩ ሁኔታ ይቀርጽለታል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው፤ ወይ ፈቃድና መዝገብ የሌለውን የጓዳ ባለሙያ ማመን፥ ወይ መኪናውን በክሬን አስነሥቶ ማቆም። የመጀመሪያው መንገድ ለሌባውም ለባለቤቱም እኩል ክፍት ነው።

ስለዚህ የሚቻሉ የሚመስሉንን ሦስት ነገሮች እናቀርባለን። አንደኛ፥ ገዢው መኪና ሲረከብ መለዋወጫ መክፈቻውን በእጁ ብቻ ሳይቈጥር፥ በአውቶሞቢሉ መዝገብ ውስጥ ስንት መክፈቻ እንዳለ በመመርመሪያ መሣሪያ ያስቈጥር፤ በእጁ ሁለት ይዞ በመዝገቡ ሦስት ቢገኝ ሦስተኛው በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሁለተኛ፥ ሥውር ቁጥሩን የያዘ ካርድ ካለ፥ ሊብሬው ሲዛወር አብሮ ይዛወር። ሦስተኛ፥ ቁልፍ ቀራጮቻችንና መካኒኮቻችን በዚህ ሙያ ሠልጥነው፥ ተመዝግበው፥ የባለቤትነት ማስረጃ እየያዙ የሚሠሩበት ሥርዓት ይቁም። የመጀመሪያው ለመኪና ገዢው፥ ሁለተኛውና ሦስተኛው ለሕግና ለምሕንድስና ተማሪዎች የተተወ ሥራ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው፥ መክፈቻ ከብረት ወደ ቁጥር መለወጡ ስርቆትን በእውነት ቀንሷል። ይህ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩ በሠሪው እጅ ብቻ እንዲቀር ያስገደደ የጥበብ ሕግ የለም፤ የፊያት ቀይ መክፈቻና የፎርድ የሁለት መክፈቻ ደንብ ምስክሮቻችን ናቸው። መሰወርም ለጥበቃ ዋስትና አለመሆኑን ከ2005 እስከ 2018 የተደረጉት ምርመራዎች አሳይተዋል። ስለዚህ ጥበቃው ጠንካራ ይሁን፤ አሠራሩ ለሊቃውንት ምርመራ ይቅረብ፤ ሥውሩ ቁጥር ግን የባለቤቱ መሆኑ ይታወቅ።

በብረቱ ዘመን ቤት የገዛ ሰው መክፈቻውን ከሻጩ ሲቀበል ቤቱ የእርሱ መሆኑ ይታወቅ ነበር፤ ርክክብ ማለት ይኸው ነበርና። ዛሬ መኪና የገዛ ሰው ግን በእጁ የተቀበለው መክፈቻ ሙሉ መሆኑን እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፤ ግማሹ ባሕር ማዶ ባለ መዝገብ ውስጥ ተቀምጧልና። የጐደለው ግማሽ ለባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ ርክክቡ ተፈጸመ ለማለት ያስቸግራል።